ያሪስን ዝቅ ማድረግ፦ ከተቆረጠ ሞላ እስከ ትክክለኛው

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ መነሻ

ቶዮታ ያሪስ፣ እ.ኤ.አ. የ2007 ሥሪት፣ ፈረንሳይ ቫለንሲየን አካባቢ ካለው ፋብሪካ የወጣች። 1000 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 69 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል። 214 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጎማ 175/65፣ ቸርኬ ቁጥር 14።

በዚህ ሞተር ፍጥነት አልፈልግም። የምፈልገው ኩርባ ላይ ቀጥ ብላ እንድትይዝልኝ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ይልቁንም ስመለስ፣ በየመታጠፊያው ወደ ጎን ትተኛለች። መሪ ካዞርኩ በኋላ ትንሽ ቆይታ ነው የምትከተለኝ። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። ሞላዋን አሳጥሬ ዝቅ ላደርጋት ወስኛለሁ።

ከመነካቷ በፊት የለካሁት፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ፣ ሰው ሳይኖርባት፣ ግማሽ ታንክ ቤንዚን ይዛ፦

ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፦ ፊት 370 ሚሜ፣ ኋላ 366 ሚሜ። ከመሬት እስከ ዝቅተኛው የሆዷ ክፍል 142 ሚሜ። ፊቷን በእጄ ተጭኜ ስለቃት ሦስት ጊዜ ወጣ ገባ ብላ ቆመች። ይህን የመጨረሻውን ጽፌ አለፍኩት እንጂ ምን እንደሚነግረኝ አላሰብኩበትም።

ጥቅምት 9፦ ቁረጡልኝ

ሠፈር አጠገብ ያለ ጋራዥ። "ሦስት ሳንቲም ዝቅ ትበልልኝ" አልኳቸው። ልጁ ከፊት ሞላ ሙሉ አንድ ዙር፣ ከኋላም አንድ ዙር በግራይንደር ቆረጠ። ቢያንስ በእሳት አላሞቁትም። አንዳንድ ቦታ ሞላውን በኦክሲጅን አግለው መኪናዋ በራሷ ክብደት እንድትቀመጥ ያደርጋሉ። የሞላ ብረት ጥንካሬው ከሙቀት ሕክምናው የመጣ ስለሆነ እንደዚያ የጋለ ሞላ ቀስ በቀስ መስመጡን አያቆምም፣ ሊሰበርም ይችላል።

2,500 ብር ከፈልኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ማታ ለካሁ። ፊት 328፣ ኋላ 331። ሦስት ሳንቲም ብዬ አራት ሳንቲም ከሁለት ሚሊ ወረደች። ለዓይን ግን ቆንጆ ናት። ቆሜ ብዙ አየኋት።

ጥቅምት 10፦ እንጦጦ

ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ባዶ ሳለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኩርባዎች ላይ ደስ አለኝ፣ ቶሎ ትዞራለች። ሦስተኛው ላይ አስፋልቱ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። እዚያ ስደርስ ፊቷ "ደው" ብሎ እንደ ድንጋይ ጠነከረና አፍንጫዋ ከመስመሬ ወደ ውጭ ተገፋ። ጋዝ ለቅቄ መለስኳት። በዝግታ ነበር የምሄደው፣ ያለዚያ መከላከያው ብረት ላይ ነበርኩ።

ስመለስ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ሆዷን ፋቀው። ወርጄ በሜትር ለካሁት። ከፍታው 110 ሚሜ። የመኪናዋ ሆድ አሁን 100 ሚሜ ላይ ነው። ይህንን ከመቁረጤ በፊት ነበር መለካት የነበረብኝ። በዚያ መቀነሻ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ።

ኅዳር 1፦ የኋላ ሞላ ወጣ

ሱሉልታ ደርሼ ስመለስ አንድ መቀነሻ ላይ ከኋላ ቀኝ በኩል የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ በየጉድጓዱ "ቃ ቃ" አለ። ጎሚስታ ጋ አቁሜ በክሪክ ሲያነሳት ሞላው ከመቀመጫው ወጥቶ ወደ ጎን አጋድሏል። ልጁ በአንድ እጁ ስቦ አወጣው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በያሪስ ኋላ ሞላውና ሾኩ (የሞላውን መወዛወዝ የሚያቆመው ዘንግ) ለየብቻ ናቸው። አክስሉ የሚወርደው ሾኩ እስከፈቀደለት ድረስ ነው። የፋብሪካው ሞላ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንኳ ትንሽ ተጨምቆ እንዲቀር ሆኖ የተሠራ ነው። እኔ አንድ ዙር ስቆርጥ ሾኩን አላሳጠርኩም። መቀነሻውን አልፎ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ክፍት ቦታ አገኘና ተነቃነቀ። ፈጠን ባለ ጉዞ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሞላ ወድቆ ጎማ ወይም የፍሬን ቱቦ ይመታ ነበር።

ጎሚስታው ሌላም አሳየኝ፤ የፊት ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ተበልቷል። 900 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄድኩት። በግራ በኩል ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረውም። ከቆረጥን በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አላሠራሁም ነበር። ፊት ዝቅ ሲል የመሪው ዘንጎች አንግል ስለሚቀየር ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ ተከፍተው ነበር። ሁለት ጎማ 15,600 ብር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ አላይመንቱ 1,800 ብር ነበር።

ኅዳር 8፦ ወረቀትና ካሊፐር

መኪናዋን አቁሜ በታክሲ እየሄድኩ ነው። የተቆረጠውን የፊት ሞላ ቁራጭ ጋራዡ ጥሎት ስላልነበር ለምኜ አመጣሁት። ለካሁ፦ የሽቦው ውፍረት 11.5 ሚሜ፣ የጥቅሉ አማካይ ስፋት 130 ሚሜ፣ የሚሠራው ዙር ከመቆረጡ በፊት 4።

የሞላ ጥንካሬ የሚሰላው እንዲህ ነው። የሽቦውን ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ታባዛለህ፤ በብረቱ የጥምዘዛ ጥንካሬ (ለሞላ ብረት 78,500 ኒውተን በካሬ ሚሜ ያህል) ታበዛዋለህ። ከዚያ 8ን፣ ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛውን የጥቅሉን ስፋትና የዙሩን ብዛት አባዝተህ ለውጤቱ ታካፍለዋለህ። ለኔ ሞላ 19.5 ኒውተን በሚሜ መጣ፤ በኪሎ ስናወራ አንድ ሳንቲም ለመጭመቅ 20 ኪሎ ያህል። ዙሩ ከ4 ወደ 3 ሲወርድ 26 ኒውተን ይሆናል፤ አንድ ሳንቲም ለመጭመቅ 26 ኪሎ ተኩል። ስለዚህ ሞላ ሲቆረጥ አጭር ብቻ አይሆንም፣ በአንድ ሦስተኛ ይጠነክራል። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ የስፖርት ሞላም ጠንከር ያለ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። የሾኩን የአቧራ መሸፈኛ ወደ ላይ ሰብስቤ ዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩና መኪናዋን ሰፈር ውስጥ ብቻ አዞርኳት። ማሰሪያው ዘንጉ የት ድረስ እንደገባ ያሳያል። በባዶ መኪና ቆማ ሳለ ከሾኩ አካል እስከ መጨረሻ መቆሚያው ጎሚኒ (ላስቲክ) 14 ሚሜ ብቻ ነው የቀረው። ያ ጎሚኒ ለመጨረሻው ከባድ ጉድጓድ የተቀመጠ ነው፤ እኔ ግን በየኩርባው እሱ ላይ ነበር የምነዳው። እንጦጦ ላይ "ደው" ያለው እሱ ነው። የፊቱ ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ሲጨምር የፊት ጎማ መያዝ ያቅተውና አፍንጫ ወደ ውጭ ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ተንበርክኬ ከሥር ሳይ ገባኝ። የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ ሆድ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ድሮ ከመኪናዋ ሆድ ወደ ጎማው ሲሄድ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብል ነበር። አሁን ተገልብጦ ወደ ላይ ያዘነብላል። እንዲህ ዓይነት ፊት (ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሾኩ ራሱ ጎማውን የሚይዝበት) ላይ መኪናዋ ወደ ጎን የምትተኛበት ነጥብ የሚወሰነው በብራቾው አንግል ነው። ብራቾው ሲገለበጥ ያ ነጥብ ከመኪናዋ ክብደት ይበልጥ ፈጥኖ ይወርዳል። ክብደቱን 4 ሳንቲም ስታወርደው ነጥቡ ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ በመሃላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የሚያስተኛት ጉልበት የሚመጣው ከዚያ ርቀት ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ ዝቅ ያለች መኪና ለመተኛት የበለጠ ትገፋፋለች፣ የሚይዛት የሞላው ጥንካሬ ብቻ ይሆናል። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለው ሐሳቤ እዚህ ላይ አበቃ።

ውሳኔ፦ 25 ሚሜ ያህል። ብራቾው ከሞላ ጎደል አግድም ይሆናል፤ ሆዷ ደግሞ 117 ላይ ሆኖ የሰፈራችንን 110 ያልፋል።

ኅዳር 21፦ ሞላ ፍለጋ

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ ግማሽ ቀን ዞርኩ። ያገለገለ ኦርጅናል የያሪስ ሞላ ሞልቷል፣ የስፖርት ሞላ የሚባል የለም። አንዱ ነጋዴ የሌላ መኪና አጭር ሞላ "ይገባል" አለኝ፤ የጥቅሉ ስፋት ከመቀመጫው በአንድ ጣት ይጠብ ነበር። ተውኩት።

ፍራንክፈርት ላለችው እህቴ ደወልኩ። ለዚህች መኪና ጀርመን ውስጥ 30 ሚሜ የሚያወርድ ሞላ በቀላሉ ይገኛል። የታወቁት የሞላ ሠሪዎች አይባክና ኤች ኤንድ አር ሁለቱም እዚያው ምዕራብ ጀርመን፣ ዛወርላንድ በሚባለው አካባቢ ናቸው። 165 ዩሮ፤ በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 24,500 ብር ያህል። ለገና የምትመጣ ጓደኛዋ ሻንጣ ውስጥ አራቱን ታመጣልኛለች።

ታኅሣሥ 12፦ ሾክ

እየጠበቅኩ ሳለ ከቤታችን ወረድ ብሎ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቃል ሳይናገሩ ወደ መኪናዋ ሄደው ፊቷን ተጭነው ለቀቁ። ሦስት ጊዜ ወጣ ገባ አለች።

"አንተ ልጅ፣ ይህ ሾክ እኮ ከሞተ ቆየ። ሞላው ምን አጠፋ?"

"ጋሼ፣ ትተኛለች ብዬ ነው..."

"የምትተኛው የሚይዛት ስለሌለ ነው። ጤነኛ ሾክ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይቆማል።"

ጥቅምት 2 ቀን የጻፍኩትን መለኪያ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ሾክ ብቀይር ኖሮ ምናልባት ሞላ አልነካም ነበር። ሞላ ጉልበት ያስቀምጣል፣ ሾክ ያንን ጉልበት ይበላዋል። የበላው ከሌለ ጠንካራ ሞላ ይብሱን ያዘልላታል።

ጋሼ ቀጥለው የብራቾዎቹን የኋላ ጎሚኒ በብረት ዘንግ ነቀነቁት፤ ላስቲኩ ከብረቱ ተለይቷል። የሾኩ የላይኛው ማውንቲንግም (ሾኩ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዝበት) መሪ ሲዞር ይንቋቋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ረዘመ፦ አራት ሾክ፣ ሁለት ማውንቲንግ፣ የፊት መቆሚያ ጎሚኒና የአቧራ መሸፈኛ፣ የብራቾ ጎሚኒ።

ታኅሣሥ 15፦ የውሸት ሾክ

የካያባ ሾክ ብዬ የፊቱን ጥንድ በ5,600 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ልክ ነው፣ ተለጣፊው ልክ ነው። ጋሼ አንዱን ከካርቶኑ አውጥተው ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተው ለቀቁት። ባለበት ቀረ። "ጋዝ የለውም" አሉ።

ትክክለኛው የካያባ ኤክሴል-ጂ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን በውስጡ ስላለ ዘንጉን ገፍተህ ስትለቀው ቀስ እያለ በራሱ ይወጣል። ማሰሪያው ሲቆረጥ ብቻውን ይዘረጋል። ይህ እዚያው ሱቅ በር ላይ በአንድ ደቂቃ የሚታይ ፈተና ነው። መልሼ ስወስደው ሻጩ "የተከፈተ አንመልስም" አለ። 5,600 ብር ሄደ።

እውነተኛውን በሌላ ሱቅ፣ ከመክፈሌ በፊት አንድ በአንድ ገፍቼ፣ ገዛሁ። ፊት 9,800 አንዱ፣ ኋላ 7,200 አንዱ። በአጠቃላይ 34,000።

ታኅሣሥ 30

ሞላዎቹ ደረሱ። ከነሱ ጋር አራት ገጽ ወረቀት አለ። እህቴ በስልክ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ጀርመን አገር እንዲህ ዓይነት ዕቃ ከመርማሪ ድርጅት የምስክር ወረቀት ጋር ይሸጣል፤ ባለመኪናው ከገጠመ በኋላ ለመርማሪ አሳይቶ ካላጸደቀ መንዳት አይፈቀድለትም። ወረቀቱ ለየትኛው የመኪና ዓይነት እንደሚሆን፣ በፊትና በኋላ አክስል እስከ ስንት ኪሎ እንደሚችል፣ ከገጠሙ በኋላ አላይመንትና የፊት መብራት መስተካከል እንዳለባቸው ይዘረዝራል። የመብራቱን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።

የኋላው ሞላ አሠራር አስደሰተኝ። ከላይ ያሉት ዙሮች እርስ በርስ የተጠጋጉ፣ ቀጭን ክፍተት ያላቸው ናቸው። መኪናዋ መሬት ላይ ስትሆን ተጨፍልቀው ምንም አይሠሩም፤ አክስሉ ሲንጠለጠል ግን ተዘርግተው ሞላውን ከመቀመጫው ሳይለቅ ይይዙታል። እኔ በግራይንደር ያጠፋሁትን እነዚህ ሰዎች በሁለት ዙር ሽቦ መልሰውታል።

ጥር 17፦ ፊት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀመርን፣ በጋሼ ግቢ። እሳቸው ሌላ መኪና ላይ ሆነው እያዩኝ፣ እኔ እየሠራሁ።

ይህች ያሪስ ላይ የሾኩ አናት ከመስታወቱ ሥር ካለው ሽፋን በታች ተደብቋል። የዝናብ መጥረጊያዎቹን፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን፣ የመጥረጊያውን ሞተርና ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ ማንሳት ግድ ነው። አንድ ሰዓት የበላው ይህ ነው። መጥረጊያዎቹን ከማንሳታችሁ በፊት የቆሙበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ቅደም ተከተሉ፦ የሾኩን አናት የመሃለኛ ዳዶ መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች ሩብ ዙር ብቻ ማላላት። ከዚያ በላይ በፍጹም፤ ሞላው ተጨምቆ ያለው በእሱ ነው። ከዚያ በክሪክ አንስቶ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ማስቀመጥ፣ ጎማ ማውጣት፣ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ማላቀቅ፣ የእስታቢላይዘሩን (ወደ ጎን መተኛትን የሚቀንሰውን ዘንግ) ማያያዣ ሊንክ ማውጣት፣ ከሥር ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች መፍታት። ብሎኖቹ ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደብልዩዲ-40 እየነፋሁባቸው ስለነበር በረጅም ቡሶላ ያለ ችግር ወጡ።

በግራ በኩል የኤቢኤሱን ሽቦ ማላቀቅ ረሳሁ። ጎማው የሚታሰርበት ብረት ወደ ውጭ ሲያዘነብል ሽቦው ተወጠረ። ቶሎ ደግፌ ያዝኩት፣ አልተበጠሰም።

ከባዱ ነገር የመጣው አዲሱን ሞላ አዲሱ ሾክ ላይ ሳስገባ ነው። የጋሼ ሞላ መጭመቂያ ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ረጅም ጥርስ ያለው ዘንግና ሁለት መንጠቆ አለው። ሁለቱን በሞላው ተቃራኒ ጎኖች ትይዩ ማድረግ ሲገባኝ በአንድ በኩል አቀራርቤ አሠርኳቸው። እየጨመቅኩ ስሄድ ሞላው እንደ ሙዝ ጎበጠ። አንዱ መንጠቆ በሽቦው ላይ ተንሸራተተና ሞላው ከእጄ ዘሎ የቆርቆሮውን አጥር መታው። ቆርቆሮው ገባ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ፊቴ ግን ከመስመሩ ላይ አንድ ክንድ ነበር የሚርቀው።

ጋሼ መጡ። አልተቆጡም። መንጠቆዎቹን በትክክል ትይዩ አድርገው አሠሩ፤ በሁለቱም በኩል እየተፈራረቁ ሁለት ሁለት ዙር ብቻ አጠበቁ፤ ሞላውን በወፍራም የጭነት ቀበቶ ሁለት ቦታ አስረው ከሾኩ ጋር አያያዙት። "ይሄ ቀበቶ ለሞላው አይደለም፣ ላንተ ነው" አሉኝ። ሁለተኛውን ጎን እንደዚሁ እኔው ሠራሁት፤ 25 ደቂቃ ፈጀ።

ሳትረሱ፦ የሞላው የታችኛው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ካለው እርከን ጋር መገናኘት አለበት። እኔ የቀኙን አንድ ጣት አሳልፌ ስላስቀመጥኩት ፈትቼ ደግሜዋለሁ።

የብራቾ ጎሚኒዎቹን በዚያው ቀን በፕሬስ አስገባን። ብራቾዎቹን አስገብቼ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት ቆይቶ ነው የታየኝ።

ጥር 18፦ ኋላ

ቀላል ነው። አክስሉን በክሪክ ደግፎ የሾኮቹን የታች ብሎን መፍታት፣ አክስሉን ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ሞላውን በእጅ ማውጣት። መጭመቂያ አያስፈልግም። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ሌላ ሰው ይይልህ። የላይና የታች ላስቲክ መቀመጫዎቹ ደህና ስለነበሩ አጥቤ መለስኳቸው። ሁለት ሰዓት። የኋላ ሾክ ብሎኖችን ያጠበቅኩት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ጋሼ ስለነገሩኝ።

ማታ ለካሁ፦ ፊት 346፣ ኋላ 339። ከመነሻው ፊት 24፣ ኋላ 27 ወርዷል። ወረቀቱ 30 ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ገባኝ፦ የኔ መነሻ የአዲስ መኪና ቁመት አልነበረም። 17 ዓመት የሠራ ሞላ ራሱ ጥቂት ሚሊ ሰምጧል። ሆዷ ከመሬት 117። ያሰብኩት ቁጥር ላይ በትክክል አረፈች።

መቆሚያው ጎሚኒ ጋ ለመድረስ አሁን 33 ሚሜ አለኝ።

ጥር 21፦ አላይመንት

ከገጠምን ሦስተኛ ቀን፣ ሞላው እንዲቀመጥ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳኋት በኋላ። ማሽኑ ላይ የፊት ጎማዎቹ በድምሩ 4 ሚሜ ወደ ውጭ ተከፍተው ተገኙ። ወደ ውስጥ 1 ሚሜ አደረግነው። ካምበር (የጎማው አናት ማዘንበል) በግራ አንድ ዲግሪ፣ በቀኝ አንድ ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ወደ ውስጥ፤ ለኩርባ የሚስማማ ስለሆነ ተውነው። ኋላው አንድ ወጥ ብረት በመሆኑ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ታይቶ ብቻ ታለፈ።

የፊት መብራቱን ማታ ግድግዳ ላይ አየሁ። ኋላዋ በትንሹ ከፊቷ በላይ ስለወረደ ብርሃኑ ወደ ላይ ከፍ ብሏል። በመሪው በስተግራ ያለውን ማስተካከያ አንድ ቁጥር ዝቅ አደረግኩት።

የካቲት 3

እንጦጦ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሦስተኛ ኩርባ። ጎድጎዱ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ገብታ ወጥታ ያዘች። መሪው ጋ ያለው መዘግየት ጠፍቷል። ስዞር ወዲያው ነው የምትከተለው። ፍሬን ስይዝ አሁንም አፍንጫዋ ትንሽ ይወርዳል፣ ግን ወርዶ ይቆማል። ፊቷን ተጭኜ ስለቅ አንድ ጊዜ ወጥታ ትቆማለች።

ስመለስ የሰፈራችንን መቀነሻ ቀስ ብዬ አለፍኩት። አልነካም።

የካቲት 19፦ ጎሚኒው

ከፊት በግራ በኩል ፍሬን ስይዝ "ጡ" የሚል ድምፅ። ጋሼ በብረት ዘንግ ሲነቀንቁት ገና አንድ ወር ያህል የሆነው የብራቾ ጎሚኒ ተሰንጥቋል።

"ብሎኑን ስታጠብቅ ጎማው የት ነበር?" አሉኝ።

ተንጠልጥሎ። ጎሚኒው በመሃሉ ያለውን ብረት ከላስቲኩ ጋር ያጣበቀ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉ ብረት ባለበት አንግል ይታሰራል። እኔ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ስላጠበቅኩት፣ መኪናዋ መሬት ላይ ስትሆን ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ነበር የሚውለው። በየጉድጓዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል። ኋላውን ሳጠብቅ ጋሼ የነገሩኝ ሕግ ለፊቱም እንደሚሠራ አላገናኘሁትም።

አዲስ ጎሚኒ 3,200፣ ፕሬስ 800፣ አላይመንት እንደገና 1,800። በዚህ ጊዜ ብራቾዎቹን ገጥመን ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገብተን፣ ጎማዎቹ ሥር ጣውላ አድርገን መኪናዋን አወረድናት፣ ሁለት ሰው ፊት ቁጭ አለ፣ ከዚያ ተኝቼ ከሥር አጠበቅኩ። ምቹ አይደለም፣ ግን ትክክሉ ይህ ነው።

መጋቢት 14፦ አዳማ

በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ፣ አራት ሰው ሆነን። በ100 ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ድሮ ትልቅ መኪና ሲያልፈኝ የነበረው መወዛወዝ ቀንሷል። ከክፍያ ጣቢያው ወጥተን ከተማ ስንገባ ግን መንገዱ ሲበላሽ ከበፊቱ የበለጠ ትነቀንቃለች። ከኋላ የተቀመጡት ነገሩኝ፣ አልደበቁኝም። እናቴ በሚቀጥለው ከፊት እንደምትቀመጥ ተናግራለች።

የጎማ ነፋስ 33 ነበር፤ ለከተማ ወደ 31 አወረድኩት። ኮብልስቶን ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

አራት ሰው ከነሻንጣ ሲኖር የሰፈራችንን መቀነሻ ትነካለች። እዚያ ስንደርስ ሁለት ሰው ይወርዳል።

ሚያዝያ 18፦ ሒሳብ

መቁረጥ 2,500፤ ሁለት ጎማ 15,600፤ ሞላ 24,500፤ የውሸት ሾክ 5,600፤ እውነተኛው ሾክ 34,000፤ ማውንቲንግ ሁለት 5,800፤ መቆሚያ ጎሚኒና መሸፈኛ 2,400፤ የብራቾ ጎሚኒ ሁለት ጊዜ 6,400፤ ፕሬስ ሁለት ጊዜ 1,600፤ አላይመንት ሁለት ጊዜ 3,600። ድምር 102,000 ብር። ጋሼ ለግቢያቸውና ለመሣሪያቸው ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ የአጥሩን ቆርቆሮ ገዝቼ ቀየርኩላቸው፣ እሱን አልቆጠርኩም።

ከዚህ ውስጥ 29,500 የስሕተት ዋጋ ነው፦ መቁረጡ፣ የተበሉት ጎማዎች፣ የውሸቱ ሾክ፣ ሁለተኛው ጎሚኒ ከነፕሬሱና ከነአላይመንቱ።

ከገጠምን በኋላ 4,100 ኪሎ ሜትር። ዛሬ እንደገና ለካሁ፦ ፊት 345፣ ኋላ 338። አንድ አንድ ሚሊ ተቀምጧል። የፊት ጎማዎቹን በጥልቀት መለኪያ ከውስጥ፣ ከመሃልና ከውጭ አየኋቸው፤ ውስጥ 6.4፣ መሃል 6.6፣ ውጭ 6.6። ግራና ቀኝ አንድ ነው። ክረምቱ ሲገባ ሐምሌ መግቢያ ላይ ደግሜ እለካለሁ፤ ውስጡ ከ6 በታች ከወረደ ቶው (የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መዞር) እንደገና ይታያል።

የተቆረጡት አሮጌ ሞላዎች ጋሼ ግቢ አሉ። ማንም ለሌላ መኪና እንዳይገጥማቸው መሃል ለመሃል ቆርጫቸዋለሁ።